የማይታየው እሳት፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ስለ ሃይድሮጂን ምን ይማራሉ? እኛስ ምን እንማር?

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም የምናወራው። ስለ እሳት ነው፤ ያውም በዓይን ስለማይታይ እሳት። ተረት ይመስላል አይደል? ግን እውነት ነው። ንጹህ ሃይድሮጂን ሲቃጠል ነበልባሉ በጣም ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጭስ የለውም፣ ጥላሸትም የለውም። ሙቀቱ ግን ወደ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል።

"ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?" ለምትሉ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ይህን ገጽ ውጭ ሆናችሁ የምታነቡ አላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ቶዮታ ሚራይ ያሉ በሃይድሮጂን የሚሄዱ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይሸጣሉ፤ በአውሮፓ ከተሞችም የሃይድሮጂን አውቶቡሶች አሉ። ሁለተኛ፣ ሃይድሮጂን እዚህ እኛ ሰፈርም አለ። የት እንዳለ ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

🔥 እሳት ማጥፋት የለመደ ሰው ለምን እንደ አዲስ ይማራል?

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራው ምንድነው? ወደ እሳቱ ሮጦ ማጥፋት ነው። ሃይድሮጂን ላይ ግን ይህ ልማድ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ምክንያቱን እንየው።

👉 አይታይም፣ አይሸትም። ወጥ ቤታችን ያለው የሲሊንደር ጋዝ ሲያፈስ የሚሸተን ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። በመኪና ሃይድሮጂን ላይ ሽታ አይጨመርም፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የመኪናውን ክፍል ያበላሻል።

👉 ሙቀቱን ከሩቅ አይሰጥም። እንጨት ሲነድ ገና ከሩቅ ፊታችንን ይለበልበናል። የሃይድሮጂን ነበልባል ዙሪያውን የሚረጨው ሙቀት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሰው "ሞቀኝ" ሳይል እሳቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

👉 በቀላሉ ይቀጣጠላል። የቤንዚን ትነት አየር ውስጥ የሚቀጣጠለው መጠኑ በግምት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ሃይድሮጂን ግን ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው መጠን ሁሉ ይቀጣጠላል። ለመቀጣጠል የሚበቃው ብልጭታም በጣም ትንሽ ነው፤ ከልብስ የሚነሳ የማይታወቅ ብልጭታ እንኳ ይበቃዋል።

👉 በከፍተኛ ግፊት ይታመቃል። የቤት መኪና ላይ ያለው ታንከር 700 ባር ይይዛል። የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ብናወዳድረው ወደ 300 እጥፍ ነው።

አንድ ጥሩ ጎን ደግሞ አለው። ሃይድሮጂን ከአየር 14 እጥፍ ይቀላል። ሜዳ ላይ ካፈሰሰ ሽቅብ ወጥቶ ቶሎ ይበተናል። አደጋው የሚብሰው ጣሪያ ባለበት ቦታ፣ ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ነው።

🚒 ስልጠናው ላይ ምን ይደረጋል?

አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ አካባቢ ሃመር የሚባል ማሰልጠኛ አለ። እዚያ መኪና የሚመስል የብረት አካል ተሠርቶ፣ ሠልጣኞች በእውነተኛ የሃይድሮጂን እሳት ተለማምደዋል። አውሮፓም እንዲሁ፤ ደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ በሚገኘው የእሳት አደጋ መኮንኖች ትምህርት ቤት ሃይሪስፖንስ በተባለ ፕሮጀክት ተመሳሳይ ሥልጠና ተሰጥቷል። የትምህርቱን ፍሬ ነገር በአራት ነጥብ ላስቀምጠው።

1. ቁም፣ አዳምጥ፣ በካሜራ እይ። በዓይን የማይታየው ነበልባል በሙቀት ካሜራ ይታያል። ከፍተኛ የፉጨት ድምፅም ጋዝ በግፊት እየወጣ መሆኑን ይናገራል። በድሮው ጊዜ የሮኬት ጣቢያ ሠራተኞች ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ረጅም መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ቀስ እያሉ ይራመዱ ነበር። የመጥረጊያው ጫፍ ሲቀጣጠል እሳቱ እዚያ ነው ማለት ነው።

2. ሰው አርቅ። በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት የአደጋ ምላሽ መመሪያ ሃይድሮጂን ሲያፈስ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 100 ሜትር ይዘጋ ይላል። ትልቅ የጭነት ታንከር እሳት ውስጥ ከገባ ደግሞ 1,600 ሜትር።

3. ምንጩን ሳትዘጋ እሳቱን አታጥፋ። ይሄ ነው ለሠልጣኞች በጣም የሚከብዳቸው። እሳት እያዩ አለማጥፋት! ግን አስቡት፤ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ መፍሰሱን አያቆምም። ተጠራቅሞ አንዲት ብልጭታ ካገኘ በአንዴ ይፈነዳል። እየነደደ ያለ ጋዝ ቢያንስ እየተጠራቀመ አይደለም። ስለዚህ ቫልቩን መዝጋት ካልቻሉ እንዲነድ ይተዉትና ዙሪያውን በውሃ ያቀዘቅዛሉ።

4. ታንከሩ ሲተነፍስ ፊት ለፊቱ አትቁም። የመኪናው ታንከር ላይ ሙቀት ወደ 110 ዲግሪ ሲደርስ የሚከፈት መተንፈሻ አለ። ታንከሩ እንዳይፈነዳ ጋዙን በደቂቃዎች ውስጥ ያስወጣል። የሚወጣው ጋዝ ከተቀጣጠለ ግን ረጅም የእሳት ምላስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2019 ደቡብ ኮሪያ ጋንግነንግ ከተማ ኦክስጅን የተቀላቀለበት የሃይድሮጂን ታንከር ፈንድቶ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 6 ቆሰሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 10 ቀን ኖርዌይ ውስጥ ኦስሎ አጠገብ አንድ የሃይድሮጂን ማደያ ፈነዳ። መንስኤው በትክክል ያልተገጠመ የታንከር መዝጊያ ነበር። ማደያው ውስጥ የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ በአጠገቡ በመኪና ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ግን የፍንዳታው ግፊት የመኪናቸውን ኤርባግ ስላስነሳው ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። ርቀት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

🩺 ሰውነታችን ላይስ ምን ያደርሳል?

✅ ቃጠሎ፦ መጀመሪያ ሰውየው ከአደጋው ይራቅ፣ የተቃጠለ ልብሱ ይጥፋ። ከዚያ ቃጠሎውን በሚፈስ ንጹህ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። ቀለበትና ሰዓት ከማበጡ በፊት ይውለቅ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል በፍጹም አይቀባ! ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪሙም ማየት ይከለክላል።

✅ የፍንዳታ ጉዳት፦ ላዩ ላይ ምንም ቁስል ሳይኖር ሳንባና የጆሮ ታምቡር ሊጎዳ ይችላል። ከፍንዳታ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት፣ የሚያስለው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን ያመመው ሰው "ደህና ነኝ" ቢልም ሆስፒታል መሄድ አለበት።

✅ መታፈን፦ ሃይድሮጂን ራሱ መርዝ አይደለም። ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። እኛ አገር ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ለማውጣት የገባው፣ እሱን ተከትሎ የገባውም የሚሞቱበት አሳዛኝ አደጋ አለ አይደል? ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መተንፈሻ መሣሪያ ያላደረገ ሰው ተከትሎ አይግባ።

✅ የብርድ ቃጠሎ፦ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። የነካውን ቆዳ ያደርቃል። አይታሽ፣ እሳት ዳርም አይቅረብ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

🔋 እኛ ሰፈር ያለው ሃይድሮጂን የት ነው?

የተለመደው የመኪና ባትሪ፣ ማለትም አሲድ ያለው ባትሪ፣ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል። ለዩፒኤስና ለሶላር የምንጠቀምባቸው የዚህ ዓይነት ባትሪዎችም እንደዚሁ፤ በተለይ ከመጠን በላይ ቻርጅ ከተደረጉ። የፍንዳታው መጠን ከማደያው ጋር አይወዳደርም። ግን አሲዱን ዓይን ውስጥ ይረጫል፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ፦

• ባትሪ በጠባብና በተዘጋ ክፍል፣ በተለይ በመኝታ ክፍል ቻርጅ አታድርጉ። መስኮት ክፈቱ።
• አጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ የከሰል ምድጃ አይኑር። የባትሪውን ውሃ ለማየት ላይተር ማብራት አይታሰብም!
• የቻርጀሩን ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት አጥፉ።
• በሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሱ የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ገመድ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የሞተሩ ብረት ላይ እሰሩ። ብልጭታው ከባትሪው ይርቃል።
• አሲድ ዓይን ከገባ ወዲያው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም። "ይለፍልኛል" አይባልም።

📌 የሃይድሮጂን መኪና ወይም ማደያ አደጋ ብታዩስ?

ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ። ቪዲዮ ለመቅረጽ አትጠጉ። "እሳት አይታይም፣ ምንም የለም" ብላችሁ አትለፉ። መኪናው የራሳችሁ ከሆነና ጉዳት ካልደረሰባችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ውጡ። አሜሪካ ከሆናችሁ 911፣ አዲስ አበባ ከሆነ እሳት አደጋ 939፣ አምቡላንስ 907 ደውሉ። ስትደውሉ "መኪናው የሃይድሮጂን ነው" ማለትን አትርሱ። ያቺ አንዲት ቃል የሚመጡት ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው፣ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲጠጉ ታደርጋለች። እነሱም ቤተሰብ አላቸው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሩቅ ቆመው እሳት ሲነድ ዝም ብለው የሚያዩ ቢመስላችሁም አትፍረዱባቸው፣ አትገፋፏቸውም። ምናልባት በዚያች ሰዓት ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ እየሠሩ ነው፤ አለመቸኮልን።

ባትሪ ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ጋራዥ የሚሠራ ወይም ውጭ አገር የሚነዳ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

መልካም ጤንነት!