የሚፎካከሩና የሚዋዋሱ የድረ ገጽ ማዕቀፎች

ውስብስብ ድረ ገጽ ዛሬ ከባዶ ተነሥቶ የሚጻፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው “ማዕቀፍ” ወይም በባለሙያዎች አጠራር “ፍሬምወርክ” በሚባል፣ የጎብኚውን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ከመረጃ ቋት ጋር ተገናኝቶ፣ ገጹን አሰናድቶ የመመለሱን ሥራ በሚያቃልል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ላይ ነው። የየማዕቀፉ ደጋፊዎች የእኛ ይበልጣል በሚል ለዓመታት ሲከራከሩ ቢኖሩም፣ ኮዱን የመረመረ ሰው የሚያገኘው ከፉክክሩ ይልቅ መዋዋሱን ነው።

ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ ቤዝካምፕ ከተባለ የሥራ ማስተባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ተለይቶ የወጣ፣ በሩቢ ቋንቋ የተጻፈ ማዕቀፍ ነው። መረጃውን፣ ለዓይን የሚታየውን ገጽና በሁለቱ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ክፍል ለያይቶ ማስቀመጥ የሬይልስ ፈጠራ አይደለም፤ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ያቀረበው ሐሳብ ነው። የሬይልስ ጉልበት ፋይሎችና ሰንጠረዦች በተለመደ ሥርዓት ከተሰየሙ ማዕቀፉ ዝምድናቸውን ራሱ እንዲያውቅ በማድረጉ ላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን የጃቫ ፕሮግራመሮች ይህንኑ ዝምድና በረጃጅም የማስተካከያ ፋይሎች ይዘረዝሩ ነበርና የሐሳቡ መስፋፋት አያስገርምም። ኬክ ፒኤችፒ ወዲያው ወደ ፒኤችፒ ቋንቋ ወሰደው፤ ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲን ሲያወጣ ወደዚሁ አቅጣጫ ዞረ። የጃቫው ጎራ ደግሞ “ግሩቪ ኦን ሬይልስ” የሚል ማዕቀፍ ቢጀምርም፣ ሃንሰን ስሙ እንዲቀየር በመጠየቁ “ግሬይልስ” ተባለ፤ ሰውየው ሐሳቡን ለማዋስ ባይሰስትም ስሙን ግን አላዋሰም።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪው የጃንጎ ጉዳይ ነው። በካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ በአንድ የጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ይህ የፓይተን ማዕቀፍ፣ የመረጃ ቋቱ ሰንጠረዥ ሲለወጥ ለውጡን ደረጃ በደረጃ መዝግቦ የሚያስፈጽም “ማይግሬሽን” የተባለ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ አልነበረውም፤ ሬይልስ ግን ገና ከጠዋቱ አስለምዶት ነበር። የጃንጎ ተጠቃሚዎች ክፍተቱን ሳውዝ በሚባል ተጨማሪ መሣሪያ ሲሞሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው እትም 1.7 ማይግሬሽን የማዕቀፉ አካል ሆነ። ይሁንና ሬይልስ ፕሮግራመሩ ለውጡን ራሱ እንዲጽፍ ሲጠብቅ፣ ጃንጎ የመረጃውን አሮጌና አዲስ ገለጻ አነጻጽሮ ብዙውን ለውጥ በራሱ ያዘጋጃል። እንዲህ ያለው መዋስ ኩረጃ ሊባል አይገባውም፤ ተበዳሪው ከአበዳሪው አሻሽሎ ሠርቷልና።

ብድሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ሄዷል። የፓይተን ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2003 በድረ ገጽ አገልጋይና በማዕቀፍ መካከል ያለውን መግባቢያ የሚወስን ደብልዩኤስጂአይ የተባለ ስምምነት አውጥቶ ስለነበር፣ ሩቢዎች በ2007 ራክ የተባለውን የራሳቸውን መግባቢያ የሠሩት ያንን አርአያ አድርገው ነው። በሩቢ ቤት ውስጥም ሬይልስን ከባድና የማይፈታታ ነው ብሎ የተነሣው መርብ የተባለ ማዕቀፍ ከትችቱ ጋር ወደ ሬይልስ ተጠቃለለ፤ የሁለቱ ውሕደት በ2008 መጨረሻ ታውጆ፣ ፍሬው ሬይልስ 3 በ2010 ወጣ።

ሁሉም ነገር ግን አይዋስም። ጃንጎ ለጋዜጠኞች ሲባል የሠራው፣ ጽሑፍ ማስገቢያና ማረሚያ ገጾችን በራሱ የሚያሰናዳው የአስተዳደር ክፍል እጅግ ቢወደድም፣ በሬይልስ ዋና አካል ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሕጋዊ መሰናክል ስለነበረ አይደለም፤ ሬይልስም ሆነ ጃንጎ ኮዳቸውን የለቀቁት፣ የባለቤትነት ማስታወሻውን እስከጠበቀ ድረስ ማንም ወስዶ እንዲለውጠው በሚያስችል ፈቃድ ነው። ይህ ነፃነት የት ድረስ እንደሚሄድ በፒኤችፒ ዓለም ይታያል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ላራቬል፣ የጎብኚውን ጥያቄ የሚቀበልባቸውን መሠረታዊ ክፍሎች ዛሬም የሚወስደው ከተፎካካሪው ከሲምፎኒ ነው።