በአንጎል ቀዶ ሕክምና ጊዜ ትንፋሽን ስለ መጠበቅ

ከቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ገርጂ ለሚሄድ ሰው፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ሐኪም ቤት ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ዓ.ም. የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ይህ ሐኪም ቤትና በኖርዌይ አገር ያለው የቤርገን ዩኒቨርሲቲ አብረውት ሠርተዋል። ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ብዙ ይነገራል፤ የበሽተኛውን ትንፋሽ የሚጠብቀውን የማደንዘዣ ባለሙያ ግን ቤተ ዘመድ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይመለሳል።

የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት ነው፤ በውስጡም አንጎል፣ ደምና አንጎልን የሚከበው ውሃ ይገኛሉ። ከሦስቱ አንዱ በዝቶ ሌሎቹ ካልቀነሱ ግፊቱ ከፍ ይላል። በጋደመ ጤነኛ ጎልማሳ ይህ ግፊት ከ15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አያልፍም፤ ከ22 ሲያልፍ ግን ሐኪሞች ሊያወርዱት ይቸኩላሉ።

በማደንዘዣ ለተኛው በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚተነፍስለት መኪና ነው። መኪናው ትንፋሹን ቢያዘገይ የተቃጠለው አየር፣ ይኸውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የአንጎል ደም ሥሮችም ይሰፋሉ፤ አንጎሉም በደም ተሞልቶ ያብጣል። ቢያፈጥን ደግሞ ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ግፊቱም ይወርዳል። እንግዲያውስ ዘወትር ማፍጠን ይሻላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛም አስቀድሞ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን የዚህ አየር ልክ በ1 ሚሊሜትር በተለወጠ ቁጥር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከመቶ 3 ያህል ይለወጣልና፣ ያለ ልክ ያፈጠነ ሰው አንጎሉን ከግፊት አድናለሁ ሲል በደም እጦት ይጎዳዋል። ስለዚህ ልኩን ብዙ ጊዜ በ35 አካባቢ ይጠብቁታል፤ ከዚያ በታች የሚያወርዱት ጭንቅ ሲመጣ፣ ያውም ለጥቂት ጊዜ ነው።

ሳንባው እንዳይሟሽሽ በትንፋሽ መጨረሻ የሚተውለት ግፊትም አለ። ይህ ሲበዛ ደረት ይጨናነቅና ከራስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይታገዳል። የበሽተኛውን ራስ ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ አንገቱንም አለማጣመም፣ ደሙ ሳይታገድ እንዲወርድ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ግን ያንኑ ግፊት አጥብቆ ይፈልገዋል፤ ባለሙያው ከሁሉ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አስም፣ የቆየ ሳል ወይም ትንባሆ ማጤስ ቢኖርበት ከማደንዘዣ ባለሙያው አይሰውሩ። ብዙ ሰው ስለ ትንባሆው በአባቱ ፊት መናገር ያፍራልና፣ ለብቻው እንዲጠየቅ ቢያደርጉለት መልካም ነው።