በትናንሽ አይሮፕላኖች ላይ የሚታሰረው የአደጋ ጠቋሚ ራዲዮ ስለ መሻሻሉ

ትንሽ አይሮፕላን በጫካ ወይም በተራራ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ከግጭቱ የተረፈው ሰው መዳኑ ፈላጊዎች ፈጥነው በመድረሳቸው ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባሎች፥ ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች፥ የተሳፈሩበት ሴስና በአላስካ ጠፍቶ 39 ቀን ቢፈለግም አልተገኘም።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ይሆን ዘንድ፥ ብርቱ ግጭት ሲደርስ በራሱ የሚከፈት ትንሽ ራዲዮ በአይሮፕላን ላይ ይታሰራል። የቀድሞው ዓይነት በ121.5 ሜጋኸርዝ ይጮኻል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ሳተላይቶች ያዳምጡት ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፥ የማን አይሮፕላን እንደ ሆነ አይናገርም። ሁለተኛ፥ ሳተላይቱ ራዲዮውንና የምድር ጣቢያውን ባንድ ጊዜ ካላየ ጥሪው ይቀራል። ሦስተኛ፥ የቦታው ግምት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይስታል።

አዲሱ ራዲዮ በ406 ሜጋኸርዝ፥ በ5 ዋት ኃይል፥ በየ50 ሴኮንዱ ገደማ አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ የራዲዮውን መለያ ቍጥር ስለሚይዝ፥ የነፍስ አድን ጣቢያ ለባለቤቱ ስልክ ደውሎ አደጋው እውነት መሆኑን ያጣራል። ሳተላይቱም መልእክቱን በማኅደሩ ያቈያል። የቦታው ስሕተት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚቀንስ፥ የሚፈለገው መሬት ከ1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 80 ገደማ ይወርዳል፤ ይኸውም ከአሥራ ስድስት አንዱ ማለት ነው። ጂፒኤስ የተገጠመለት እንደ ሆነ ደግሞ ስሕተቱ በመቶ ሜትር የሚቈጠር ነው።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ወዲህ ሳተላይቶች 121.5ን ማዳመጥ አቁመዋል። ስለዚህ አሮጌውን ብቻ የያዘ አብራሪ የሚሰማው፥ በአቅራቢያው የሚያልፍ አይሮፕላን ወይም ጣቢያ በዚያ ሞገድ ያዳመጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ አዲሱን አስገድዳለች፤ በአሜሪካ ግን ብዙ የግል ባለንብረቶች ወጪውን በመሸሽ አሮጌውን ይዘው ቈይተዋል።

ይሁን እንጂ አዲሱን ገዝቶ ማሰር ብቻውን አይበቃም። ራዲዮው ካልተመዘገበ የሚደወልለት ሰው አይታወቅም፤ የአንቴናው ገመድ በግጭት ከተበጠሰ ጥሪው አይወጣም፤ ባትሪውም በጊዜው መለወጥ አለበት። በ121.5 የሚሰጠው ደካማ ድምፅ በአዲሱም ላይ የቀረው፥ ፈላጊዎች ከቀረቡ በኋላ ተከትለውት ከስፍራው እንዲደርሱ ነው። እንግዲህ ማሻሻል ማለት ዕቃውን መለወጥ ብቻ ሳይሆን፥ ከወደቀው ሰው እስከ ፈላጊው ያለውን መንገድ ሁሉ ማሰናዳት ነው።