በወረርሽኙ ወራት በሞተር ብስክሌት

አንባቢዎቻችን እንደምታስታውሱት መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛ በዚያን ጊዜ ከላላ፥ ከእናታችን ቤት ነበርን። ሥራችን እጅ መታጠብና ራዲዮ መስማት ብቻ ሆነ። የሟቾችን ቍጥር ስንሰማ ውለን ስንሰማ ስለምናመሽ እንቅልፍ አጣን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን ሳይቀር አሞ የተዋቸው የኅዳር በሽታ ሌሊት ሌሊት በሐሳባችን ይመጣ ጀመር።

ሚያዝያ 18 ቀን፥ የረመዳን ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፥ እናታችን «አንተ ልጅ፥ በዚህ ዓይነት አእምሮህን ልትስት ነው፤ ውጣና ነፋስ ይምታህ» አሉን። የእኅታችንን ልጅ ሞተር ብስክሌት ተውሰን በወግዲ በኩል ወጣን። (በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ስለ ተገደበ የከተማ ጓደኞቻችን ይህን ዕድል አላገኙም።)

ሞተር ብስክሌት ሐሳብን የሚያስጥለው በፍጥነቱ አይደለም። በጠጠር መንገድ ላይ ዓይን ድንጋይ ይመርጣል፤ ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፥ ቀኝ እጅ ቤንዚን ይሰጣል፤ ግራ እግር ማርሽ ይለውጣል፥ ቀኝ እግር ፍሬን ይጠብቃል። ለጭንቀት የሚተርፍ እጅም እግርም የለም። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑ በዝቶበት አየር ያንሰዋል፤ ዳገት ላይ ያቃስታል። እኛም እንደዚያው ነበርን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተን ገደሉን እያየን ብዙ ቆየን። ራዲዮው ትዝ አላለንም።

ስንመለስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙን፤ እጃቸውንም ለሰላምታ ሰጡን። እጃችንን ወደ ኋላ ሰበሰብን። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

«ልጄ፥ የባለቤቴ የስኳር ኪኒን አልቋል። መኪናው በግማሽ ስለሚጭን ቦታ አጣሁ፤ ከኋላህ አስቀምጠኝና ከላላ አድርሰኝ» አሉን።

ብናፈናጥጣቸው በትንፋሽ መቀራረባችን ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ ቤት ያሉት እናታችንም እንደዚሁ። ብንተዋቸው ሴትዮዋ ያለ መድኃኒት ሊያድሩ ነው። «አባባ፥ ወረቀቱን ይስጡን፤ ገዝተን እናምጣ» አልናቸው። ዝም ብለው አዩን። ለማያውቁት ሰው ያውም አፍንጫውን በጨርቅ ለሸፈነ ገንዘብ መስጠት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ወረቀቱንና ብሩን ድንጋይ ላይ አኑረው አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ሄደን ስንመለስ በጾም አፋቸው ያንኑ ፀሐይ ተቀምጠውበት አገኘናቸው። ኪኒኑንና መልሱን ከድንጋዩ ላይ አኖርን። ቈጥረው፥ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ መረቁን፤ ከዚያም ዐሥር ብር «ለቤንዚን» ብለው ድንጋዩ ላይ ተዉልን። አንወስድም ብንል ተቈጡ። ወሰድናት። እቤት ስንደርስ በሳሙና አጥበን ከልብሱ ጋር ገመድ ላይ አሰጣናት።