አውሮፕላን መሬት ላይ ሳለ

አውሮፕላን የሚፈራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ሰማዩን ነው፤ ጎማው መሬት ሲነካ ልቡ ያርፋል። የአየር ማረፊያ ሠራተኞች ግን ሌላ ስጋት አለባቸው። አውሮፕላኖች ተጠጋግተው የሚቆሙበት፣ ነዳጅ የሚሞሉበት፣ ሰውና ሻንጣ የሚጭኑበት ሜዳ ራሱ አደገኛ ቦታ ነው።

ከረሖቮት ብዙም በማይርቀው በቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ፣ ማርች 28 ቀን 2018፣ ለፔሳህ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኤል አል ቦይንግ 767 እና ጌርማኒያ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ቦይንግ 737 መሬት ላይ ተጋጩ። ጅራታቸው ተቆላልፎ ቀረ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ፎቶግራፉን ያየ ግን፣ ያን የሚያህል ሰፊ ሜዳ እያለ ምን አገናኛቸው ማለቱ አይቀርም።

አውሮፕላን እንደ መኪና ጎማውን የሚያዞር ሞተር የለውም። ከቆመበት ወደ ኋላ የሚወጣው ጎታች መኪና ከአፍንጫው በኩል እየገፋው ነው። አብራሪው ከኋላው ያለውን አያይም። የጎታቹ ሾፌርም ከፊት ተቀምጦ ርቆ ያለውን ጅራት በዓይኑ መለካት ይቸግረዋል። ለዚህ ነው በክንፉ ጫፍ በኩል እየሄዱ በእጅ ምልክት የሚያስታውቁ ሰዎች የሚመደቡት። በዓል ደርሶ በረራ ሲበዛ ሜዳው ይጠባል፣ ጥድፊያውም ይጨምራል።

ከግጭት ይልቅ የሚያስፈራው ሞተሩ ነው። የቦይንግ 737 ሞተር በዝግታ እየሠራ እንኳ ከፊቱ እስከ 3 ሜትር ድረስ ያለውን ሰው ሊስብ ይችላል፤ ከኋላው የሚወጣው ነፋስ ደግሞ ሰው ይጥላል። ዲሴምበር 31 ቀን 2022 በአሜሪካ፣ በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ አየር ማረፊያ አንዲት ሠራተኛ የሞተችው እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ሞተሩ እንደማይጠፋ ለሠራተኞቹ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ቀዩ መብራትም ይበራ ነበር። በአውሮፕላኑ ጀርባና ሆድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይም ሊነሳ ነው፣ አትቅረቡ።

በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ እናቶችና አባቶች እንዲህ ያለውን ሜዳ በእግራቸው ረግጠውታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከዓርብ እስከ ቅዳሜ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከቦሌ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ወንበሩ በተነሣለት አንድ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተጭኗል። አብዛኛው ሰው አውሮፕላን በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ቁጥር ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ ልጅ አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ ነበር የሚሄደው። ከአውሮፕላኖቹ መካከል አራት ፐሮፔለር ያለው የጦር ኃይሉ ሄርኩለስ ይገኝበታል። ፐሮፔለር ደግሞ በፍጥነት ሲዞር ዓይን አያየውም፣ ባዶ አየር ይመስላል። አስተናጋጆች ሰውን በሰልፍ፣ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ሲመሩ ለሥርዓት ብቻ ይመስል ነበር፤ ከሰልፍ መውጣት ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ዛሬ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመተላለፊያ ድልድይ ወይም በአውቶቡስ ነው የሚሳፈረው። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ በተቀባው መስመር ውስጥ መሄድ፣ የልጅ ልጁን እጅ አለመልቀቅ አለበት። ነጠላ ወይም ፌስታል ነፋስ ከወሰደውም ተከትሎ መሮጥ አያስፈልግም፤ ለሠራተኛ መንገር ይበቃል፣ ሞተር ውስጥ የሚገባ ጨርቅ ለእነሱም ጉዳያቸው ነውና።

ሌላው በየበረራው የሚታይ ነገር ነው። አውሮፕላኑ አርፎ ገና ወደ ማቆሚያው እየሄደ ሳለ ተነሥቶ ሻንጣ የሚያወርድ አይጠፋም። በዚያች ሰዓት ከፊት ጎታች መኪና ቢገባ አብራሪው በድንገት ፍሬን ይይዛል፤ የቆመ ሰው ይወድቃል፣ ሻንጣውም በጎረቤቱ ራስ ላይ። የቀበቶው ምልክት የሚጠፋው አውሮፕላኑ ቦታውን ይዞ ሲቆም ነው።