ማንኮራፋት ሁሉ እንቅልፍ አይደለም

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ደም ማስቆምና የተሰበረ አጥንት ማሰር ነው። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ብርቱ ማስታገሻ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ግን የሚሞተው ትንፋሹ እየሳሳ ሄዶ ሲቆም ነው። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ማርከሻው ናሎክሶን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ሊያጋጥመው የሚችል ሁሉ ማርከሻውን እንዲያገኝና አሰጣጡን እንዲሠለጥን መክሯል። ማርከሻው በእጅ በሌለበት ቀበሌ ግን ሥልጠናው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከትንፋሹ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። አምቡላንስ በ907 ተጠርቶ እስኪደርስ ድረስ ሕይወት የሚያቆየው አጠገቡ ያለው ሰው ነውና።

ትልቁ አደጋ ምልክቱ እንቅልፍ መምሰሉ ነው። ሰውየው ጉሮሮው እየተንኮረኮረ ያንኮራፋል፤ ቤተሰብም «ደክሞታል፣ ይተኛ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሠልጣኝ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት፣ የደረቱን አጥንት በጡጫው አንጓ ማሸት፣ ከንፈሩና ጥፍሩ መጥቆሩን ማየት ይኖርበታል። ካልነቃና ትንፋሹ ከራቀ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ጨርሶ የማይተነፍስና በድን የሆነ ከሆነ ደረቱን መጫን ይጨመራል። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ያስተኛዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ግን ፈሳሹን ወደ ሳንባው መላክ ነው። ትራማዶል የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥም ስለሚያመጣ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ይዘወተራል፤ ያ ሁሉ ደቂቃ ከትንፋሹ ላይ የሚቀነስ ነው።

«ይህ የትልልቅ ከተማ ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። ትንፋሽ የሚቆመው ግን በክኒን ብቻ አይደለም። እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ አልምቶ ከሰል የሚያከስል አገር ነው፤ በእንጅባራ ብርድ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በርም ይዘጋል። በዚያ ጭስ የታፈነ ሰው አስቀድሞ ወደ አየር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ካልተነፈሰ የሚያስፈልገው ያው እጅ ነው። ፀረ ተባይ የጠጣ ሲሆን ብቻ አፍ ለአፍ መግጠም ረጂውንም ስለሚመርዝ ይህ ለብቻው መነገር አለበት። «ሱሰኛን ማበረታታት ነው» ለሚሉትም፣ ክኒን ያገኘ ሕፃንና ለሕመሟ የታዘዘላትን ደጋግማ የወሰደች አሮጊት በዚሁ መንገድ እንደሚታፈኑ አስታውሳለሁ፤ ሱሰኛውም ቢሆን የሰው ልጅ ነው። ሥልጠናውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በዕድር ስብሰባ፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ጥር 23 ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ጊዜ ቢይዙት ከከተማ አዳራሽ ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። ሆስፒታል ደርሶ ናሎክሶን ተወግቶ የነቃ ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ቤቱ አይሸኝም፤ ማርከሻው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሠርቶ ሲያልቅ ትራማዶሉ ገና በሰውነቱ ውስጥ ስላለ ትንፋሹ እንደገና ሊከዳው ይችላል።