ጣውላው በየትኛው ጎኑ ይቁም?

ለተማሪዎች በዓል መድረክ ስንሠራ ወለሉን የሚሸከሙትን ጣውላዎች አስተኝተን ዘረጋናቸው። አናጢው መጥቶ ካየ በኋላ፥ «እናንተ ኮሌጅ የምትማሩት ይህንን ነው?» ብሎ ሁሉንም አስነቀለና በጠርዛቸው አቆማቸው። በዚያ ምሽት ሠላሳ ያህል ጓደኞቻችን የሚቆሙበት መድረክ ስለ ነበረ ነገሩ በእፍረት ብቻ የሚታለፍ አልሆነም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ሁለት መጻሕፍት አራርቆ በላያቸው የእንጨት ማስመሪያ አጋድሞ በጣት መጫን ይበቃል። ማስመሪያው ተኝቶ ሳለ ይጎብጣል፤ በጠርዙ ሲቆም ግን እምቢ ይላል። እንጨቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ከፍታው ነው። ከላይ የተጫነ እንጨት የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፥ የታችኛው ይለጠጣል፥ መካከሉ ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ላይና ታቹ በተራራቁ ቍጥር ብርታቱ ይጨምራል፤ ይኸውም ስፋቱን በከፍታው ካሬ አባዝቶ ለ6 በማካፈል ይለካል። 5 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ሲተኛ 83፥ ሲቆም 333 ይሆናል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ጉብጠቱማ 16 ጊዜ ያንሳል። ያንኑ ያህል እንጨት የሚፈጀው 10 በ10 ሞራሌ ደግሞ 167 ብቻ ስለሆነ፥ ወፍራም መስሎ የቆመውን ጣውላ ግማሽ አያልፍም።

ጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የከፍታውን ካሬ በትክክል አግኝቶት ነበር። ይሁን እንጂ እንጨቱ ከላይ እስከ ታች የሚለጠጥ እንጂ የሚጨመቅ ጎን ያለው ስላልመሰለው፥ ብርታቱን ሦስት እጥፍ አብዝቶ ገመተ። ይህንን ለማጽናኛ ያህል ለአናጢው ብንነግረው አልሣቀም።

ስሌቱ ግን ጉጥ አያይም። የእንጨት ጭረት ጉጡን ዞሮ ስለሚያልፍ፥ ጉጡ በሚለጠጠው በታችኛው ጠርዝ በኩል ከዋለ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስለሆነም ጉጣሙ ጠርዝ ወደ ላይ ይዙር። ጊዜም ያደክመዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ የሚችለውን ሸክም ለብዙ ዓመታት አይችለውም፥ የሚቀርለት ከመቶ ስድሳ ያህል ነው።

አዲስ አበባ ላይ በየሕንፃው ጎን የምናየው የባሕር ዛፍ አጠና ክብ በመሆኑ ማቆምና ማስተኛት የለውም። የእርሱ ብርታት በውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ በተባዛው ልክ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው 8 ሳንቲ ሜትር ከሚወፍረው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሁለቱን ጣት በማይሞላ ልዩነት ዓይን ይሳሳታል። እንዲህ ያሉት በአንድ መወጣጫ ላይ ተደባልቀው ታስረው፥ ሰውም ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲራመድባቸው ስናይ፥ ከመድረኩ ወዲህ ዝም ብለን ማለፍ አቅቶናል።